«ደንበኛውን ይዝጉት»፦ በመፈለጊያ ሶፍትዌር የአማርኛ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

«ደንበኛውን ከተጠቀሙ በኋላ ይዝጉት።» ይህ ዐረፍተ ነገር የተወሰደው ለሥልጠና ተብሎ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከተመለሰና ለዕርማት ከደረሰኝ የመምሪያ ረቂቅ ነው። ረቂቁን ያስተረጎመውን መሥሪያ ቤትም ሆነ የተርጓሚዎቹን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሙያ የምንሠራ የብዙዎቻችን ነውና። መምሪያው የሚያስተምረው ኤላስቲክሰርች የተባለው፣ ከብዙ ሺሕ ሰነዶች መካከል የተጠየቀውን ለይቶ የሚያወጣ የመፈለጊያ ሶፍትዌር ከሌላ ፕሮግራም ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው፤ ይኸውም ግንኙነቱ መቼ እንደሚጀመር፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ በማን እጅና በምን ዐይነት ሁኔታ እንደሚያበቃ ነው። ሒሴም በዚህ በመጨረሻው፣ ማለትም በ«ማብቃት» ላይ ያተኩራል። እንግሊዝኛው ለልዩ ልዩ ፍጻሜ ልዩ ልዩ ግስ ሲጠቀም፣ የአማርኛው ረቂቅ ግን ሁሉንም «ዘጋ» ብሎ አልፎታል።

ረቂቁን ያነበብሁት ይፋግ ሆኜ ነው። ይፋግ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት፣ አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ዛሬም በዚያው እህል የሚነግዱ አክስት አሉኝ። ዐረፍተ ነገሩን ነጥዬ ካነበብሁላቸው በኋላ፣ «ደንበኛን መዝጋት ሲባል ምን ይገባዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምን አስቀይሞህ ነው የዘጋኸው?» ሲሉ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱት።

መልሳቸው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ትምህርት ነው። በር፣ ሱቅ፣ ሒሳብ፣ መዝገብ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ግሱ ከቂም ነጻ ነው። ተሳቢው ሰው ሲሆን ግን «ዘጋው» ማለት አኮረፈው፣ ሰላምታ ነፈገው፣ ፊቱን አዞረበት ማለት ይሆናል። ተርጓሚው ስሙን «ደንበኛ» ብሎ ከሰው ወገን ካደረገ በኋላ ግሱን ከበርና ከሱቅ ወገን አመጣ። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ነቀፋ የለበትም፤ ሲጋጠሙ ግን የተባለው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ ሆነ። የስያሜ ሥራችን ሁልጊዜ በስም ላይ ስለሚያተኩርና ግስን እንደ ተከታይ ስለሚቆጥር፣ ይህን የመሰለው ጉድለት በየመምሪያው ይደጋገማል።

ነገሩ የጆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። ጉዳቱ እንዲታይ ስለ ነገሩ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «ደንበኛ» የተባለው ሰው አይደለም። በጠያቂው ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ የፍለጋ ጥያቄዎችን እየተቀበለ ወደ አገልጋዩ የሚያደርስና ምላሹን የሚያመጣ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚፈጠረው ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር አንድ ጊዜ ነው፤ ዕድሜውም ከፕሮግራሙ ዕድሜ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የታሰበ ነው። ከእርሱ ሥር ወደ አገልጋዩ የተዘረጉ መስመሮች አሉ። አንዱ መስመር ብዙ ጥያቄዎችን ተራ በተራ ያስተላልፋል፤ ለጊዜው ሥራ ባይኖረውም ወዲያው አይፈርስም። ከመስመሩ ሥር ደግሞ ጥያቄው አለ፤ እርሱም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተጀምሮ ያልቃል። እንግዲህ ሦስት ዕድሜዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሸጉጠው ይገኛሉ ማለት ነው።

«ደንበኛውን ከተጠቀሙ በኋላ ይዝጉት» የሚለውን ያነበበ ሠልጣኝ ምን ያደርጋል? አንድ ጊዜ መፈለግ አንድ ጊዜ መጠቀም ስለሚመስለው፣ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አዲስ ደንበኛ ፈጥሮ፣ አዲስ መስመር ዘርግቶ፣ ምላሹ ሲደርሰው ሁሉንም ያፈርሳል። ትእዛዙን በታማኝነት ፈጽሟል። ነገር ግን ቲሲፒ በተባለው የግንኙነት ደንብ መሠረት መስመር ለመዘርጋት ሁለቱ ወገኖች 3 መልእክቶችን መለዋወጥ አለባቸው፤ ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ መስመር ከሆነ ደግሞ ሌላ ምልልስ ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመዝጋቱ ዋጋ ነው። መስመሩን ቀድሞ የዘጋው ወገን፣ በመንገድ የዘገዩ መልእክቶች ከሌላ መስመር መልእክት ጋር እንዳይደባለቁ፣ የተጠቀመበትን የፖርት ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ እንደ ያዘ ይቆያል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ይህን ጊዜ 4 ደቂቃ ሲያደርገው፣ ሊኑክስ 60 ሰከንድ አድርጎታል። በሊኑክስ የተለመደ ቅንብር ለዚህ ሥራ የተመደቡት ቁጥሮች ከ32768 እስከ 60999 ያሉት 28232 ናቸው። እነዚህን ለ60 ብናካፍላቸው፣ ወደ አንድ አገልጋይ በሰከንድ ከ470 በላይ መስመሮችን እየከፈተ የሚዘጋ ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥር አልቆበት እንደሚቆም እንረዳለን። አገልጋዩ ደኅና ነው፤ ፍለጋውም ትክክል ነው። የቆመው «ዘጋ» በተባለው ግስ ምክንያት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ስሕተት ደግሞ ከመስመር ጋር የተያያዘ ነው። ደንበኛው መስመሮቹን በአንድነት ያኖራቸዋል፤ ጥያቄ ሲመጣ አንዱን ይሰጣል፤ ምላሹ ተነብቦ ሲያልቅ ያንኑ መስመር መልሶ ይረከባል። ለጃቫ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ለዓመታት ባገለገለው ዝቅተኛ እርከን ደንበኛ፣ ለውጥ ካልተደረገበት በቀር፣ ለአንድ አገልጋይ የሚፈቀዱት መስመሮች 10፣ በጠቅላላው ደግሞ 30 ናቸው። ዐሥሩ ተወስደው ካልተመለሱ ዐሥራ አንደኛው ጠያቂ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ስለ መስጠትና ስለ መመለስ ይናገራል እንጂ ስለ መዝጋት አይናገርም። ረቂቁ ግን እዚህም «ግንኙነቱን ይዝጉት» ይላል።

በዚህ ቦታ ተርጓሚዎቻችን ከእጃቸው ላይ ያለ ሀብት ጥለው ማለፋቸው ያስቆጫል። አማርኛ ለመውሰድና ለመመለስ ሁለት የተለያዩ ግሶች አሉት፤ እነርሱም «ተዋሰ» እና «ተበደረ» ናቸው። በገበያ አጠገብ ያደገ ልጅ ልዩነታቸውን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አክስቴ ከጎረቤታቸው ቁና ሲወስዱ ይዋሳሉ፤ በዚያው ቁና ጤፍ ሰፍረው ሲወስዱ ግን ይበደራሉ። ቁናው ራሱ ይመለሳል፤ ጤፉ ግን ይበላና በምትኩ ሌላ ጤፍ ይከፈላል። ቁና የተዋሰ ሰው ሌላ ቁና ቢያመጣ «ቁናዬስ?» ይባላል፤ ጤፍ የተበደረን ሰው ግን «ያንኑ ጤፍ አምጣ» የሚለው የለም። እንግሊዝኛው በዚህ ረገድ እንደ አማርኛ አይለይም፤ ገንዘቡንም መጽሐፉንም በአንድ ግስ ይወስዳቸዋል። መስመር የሚወሰደው ያው ራሱ ሊመለስ ስለሆነ፣ ነገሩ ያለ ጥርጥር ውሰት ነው። ደንበኛው መስመር ያውሳል፤ ጥያቄው ይዋሳል፤ ሲጨርስም ይመልሳል። «የተዋስኸውን መልስ» የተባለ ሠልጣኝ የተዋሰውን እንዲሰብር እንዳልታዘዘ ይገባዋል፤ «ዝጋው» የተባለው ግን ሊሰብረው ይችላል።

በረቂቁ ውስጥ እነዚህ መስመሮች የሚኖሩበት «የግንኙነት ገንዳ» ተብሏል። ገንዳ ከብት የሚጠጣበት ነው፤ በከተማ ደግሞ ቆሻሻ የሚጣልበት ሆኗል። «ቋት» ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ «የመረጃ ቋት» የሚለው አነጋገር ስለ ተለመደ ሐሳባቸው ተቀባይነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ከቋት የሚዘገን ዱቄት ተመልሶ አይገባም። እኔ የዕቃ መያዣ ስም መፈለጉ ራሱ የእንግሊዝኛው ተጽዕኖ ይመስለኛል። «የውሰት መስመሮች» ቢባል ምን ይጎድለዋል? ሳይመለስ የቀረውን መስመር ደግሞ ረቂቁ «የግንኙነት ፍሳሽ» ይለዋል። ይህን ቃል ያነበበ የአዲስ አበባ ነዋሪ ወደ አእምሮው የሚመጣበት ምን እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ። «ባክኖ የቀረ መስመር» ማለት በቂ ነው።

ሌላው የግስ ችግር የሚታየው ኤላስቲክሰርች በተመሠረተበት በሉሲን ላይ ነው። ሉሲን በዳግ ከቲንግ እጅ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የመፈለጊያ መሣሪያ ሲሆን፣ ኤላስቲክሰርች በላዩ ተሠርቶ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በሉሲን ውስጥ የማውጫው አንባቢ በአንድ ጊዜ ለብዙ ፈላጊዎች ያገለግላል፤ ሶፍትዌሩም ስንት ሰው እንደ ያዘው ይቆጥራል። አንዱ ፈላጊ ሲመጣ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፤ ሲሄድ በአንድ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ አንባቢው ይዘጋል። ነገሩ የማኅበር ቤትን ይመስላል፤ እያንዳንዱ ተሰናብቶ ይወጣል፤ በሩ የሚዘጋው የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ነው። ለእያንዳንዱ ፈላጊ የሚሰጠው ትእዛዝ «ልቀቅ» የሚል ነው። ረቂቁ ይህንንም «ዝጋ» ብሎ ተርጉሞታል። በትርጉሙ መሠረት የሠራ ፕሮግራም ሌሎች ገና በማንበብ ላይ ሳሉ በሩን ይዘጋባቸዋል፤ እነርሱም አንባቢው አስቀድሞ ተዘግቷል የሚል የስሕተት መልእክት ይደርሳቸዋል። «ለቀቀ» የሚለው ግስ የያዙትን ነገር ከእጅ ማውጣትን እንጂ የነገሩን ማለቅ ስለማያመለክት ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ በሚገባ ይስማማል።

ብዙ ውጤት ያለው ፍለጋ በየክፍሉ እየተወሰደ ሲነበብ አገልጋዩ የፍለጋውን ዐውድ በማኅደረ ትውስታው ይዞ ይቆያል። የሚቆይበት ጊዜ፣ ለምሳሌ 1 ደቂቃ፣ በጠያቂው ይወሰናል፤ በየጥያቄው ይታደሳል፤ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ክፍት ሆነው ሊቆዩ የሚችሉት ዐውዶች፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ 500 ናቸው። ይህን ረቂቁ «በሕይወት ማቆየት» ብሎታል፤ የሆስፒታል ቋንቋ ነው። «የቆይታ ጊዜ» ቢባል፣ ካለፈም «የቆይታ ጊዜው አለፈ» ቢባል ያለ ችግር ይሰማል። እዚህ ላይ የሚያበቃው ማንም ሳይነካው ስለሆነ «ተዘጋ» ማለት አይገባም። በአማርኛ «ተዘጋ» የሚለው ቅርጽ አድራጊውን ይሰውራል፤ ሰው ዘጋውም፣ ነፋስ ዘጋውም፣ በራሱ ገጠመም አንድ ነው። ግንኙነቱ ያበቃው በደንበኛው ፈቃድ ነው ወይስ በአገልጋዩ፣ ወይስ በመካከል ባለ መሣሪያ ተቆርጦ ነው? ይህ ጥያቄ ስሕተትን ለማግኘት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ለመጨረሻው ዐይነት «ተቋረጠ» የሚል ግስ አለን፤ ስልክ የሚነጋገር ሰው ሁሉ «መስመሩ ተቋረጠ» ይላል እንጂ «መስመሩ ተዘጋ» ብሎ ከሌላው ጋር አያደባልቀውም።

ከስልክ አነጋገር የምንማረው ሌላም አለ። ረቂቁ ከላይ «መስመር» ያልሁትን ሁሉ «ግንኙነት» ይለዋል። ግንኙነት ረቂቅ ስም ነው፤ በሁለት ሰዎች ወይም በሁለት መንግሥታት መካከል ያለውን ሁኔታ ይገልጻል። የሚቆጠር፣ የሚያዝ፣ የሚዋሱት ነገር አይደለም። «ዐሥር ግንኙነቶች ተዋስሁ» ሊባል አይችልም፤ «ዐሥር መስመሮች ተያዙ» ግን ይባላል። ግንኙነት የሚለውን ለደንበኛውና ለአገልጋዩ አጠቃላይ ዝምድና ብንተወው፣ ለሚቆጠረው ደግሞ መስመርን ብንይዝ፣ ሁለቱ የዕድሜ እርከኖች በስማቸው ብቻ ይለያዩ ነበር።

«ደንበኛ» የሚለውን ስም ግን ከሚነቅፉት ጋር አልስማማም። «ተገልጋይ» ይሁን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ «አገልጋይ» ካልን አጸፋው «ተገልጋይ» መሆን ይገባዋል ይላሉ። ሥነ ምዕላዱ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ተገልጋይ ዛሬ መጥቶ ዛሬ የሚሄድ ነው። ባለጉዳይ ደግሞ ሁለተኛ ላለመምጣት የሚጸልይ ነው። ደንበኛ ግን ከ«ደንብ» የወጣ፣ የመጣበት ቤት የሚያውቀው፣ ደጋግሞ የሚመላለስ ነው። አንድ ጊዜ ተፈጥሮ እስከ መጨረሻ የሚያገለግለው ክፍል ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም። እንዲያውም ሠልጣኙ «ደንበኛ» በሚለው ስም ላይ ጥቂት ቢያስብ ኖሮ፣ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አዲስ ደንበኛ መፍጠር እንደማይገባ ከስሙ ብቻ በተረዳ ነበር። ስሙ በትክክል የነገረውን ግሱ አፈረሰበት።

አንድ መቀበል ያለብኝ ነገር አለ። የፕሮግራም ባለሙያዎቻችን በቃል ሲነጋገሩ «ክላየንቱን ክሎዝ አድርገው»፣ «ኮኔክሽኑን ሪሊዝ አድርገው»፣ «ኤክስፓየር አድርጓል» ይላሉ። የቋንቋ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይከፋል፤ የእኔም ይከፋል። ነገር ግን በጥሞና ስናዳምጠው፣ ይህ ቅይጥ አነጋገር ሦስቱን ፍጻሜዎች ለይቶ ይዟል፤ የእኛ ንጹሕ አማርኛ ግን ደባልቋቸዋል። በዚህ ሥራ ረገድ ቅይጡ ከንጹሑ የበለጠ ትክክል ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እነ ሉሲን ከመወለዳቸው በፊት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ከእርሱ ይህን ሁሉ መጠበቅ አይቻልም። ሥራው የኛ ነው። ባዕድ ቃልን ለማስወጣት የሚቀርበው የአማርኛ ቃል ቢያንስ የባዕዱን ያህል መለየት ካልቻለ፣ ባለሙያው እኛን ትቶ በቅይጡ ቢቀጥል ሊወቀስ አይገባውም።

ስያሜውን ከአንድ ምርት ስም ጋር ማሰርም አደጋ አለው። ረቂቁ በኤላስቲክሰርች ውስጥ «ትራንስፖርት ክላየንት» ይባል የነበረውን ክፍል «የማጓጓዣ ደንበኛ» ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ይህ ክፍል በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 7ኛ ዕትም ጀምሮ እንዲተው የተመከረ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 8ኛ ዕትም ፈጽሞ የተወገደ ነው። የዕድሜ አያያዙ ጽንሰ ሐሳብ ግን አልተወገደም፤ በሌላ ስም ቀጥሏል። (ስለ ማጓጓዣ ካነሣን፣ የጭነት መኪና የሚያስመስለው ይህ ስም መወገዱ ብዙ አላሳዘነኝም።)

ለጊዜው ሥራ የሌለው መስመር በረቂቁ «ቦዘኔ ግንኙነት» ተብሏል። ቦዘኔ በአማርኛ ስድብ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 እስከ መውጣት የደረሰበት ቃል ነው። ይህን ያነበበ ሠልጣኝ መስመሩን ለማስወገድ ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን መስመሩ ሳይፈርስ መቆየቱ ነው ቀጣዩን ፍለጋ የሚያፈጥነው። «ያረፈ መስመር» ብዬ አርሜ ነበር፤ ማታ ደግሜ ሳነበው ለቅሶ ቤት የገባሁ ስለመሰለኝ ሰረዝሁት። «ተጠባባቂ መስመር» የሚለውን ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ያረምሁት እንዲህ ነው፦ «ደንበኛው ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ ለሁሉም ፍለጋዎች ያገለግላል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲያቆም ይሰናበታል፤ ሲሰናበትም መስመሮቹ ሁሉ ይዘጋሉ።» ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ እንግሊዝኛው በሌላ ገጽ ያስቀመጠውን ስለሚጨምር ነው። «አሰናበተ» የሚለውን የመረጥሁት የቤቱ ባለቤት በመጨረሻ፣ በፈቃዱና በሥርዐት የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ረቂቁን የተመለከተ አንድ ባልደረባዬ ግን «ማሰናበት ከሥራ ማባረርም ነው፤ ደንበኛህን ደግሞ አባረርኸው» ብሎኛል። ተቃውሞው ክብደት አለው። «መሸኘት» ልበል ብዬ አስቤ ነበር፤ የተሸኘ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ይህ ደንበኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ተመልሶ አይከፈትም፤ በምትኩ አዲስ መፍጠር ያስፈልጋል። በረቂቁ ኅዳግ ሁለቱንም ግሶች ጽፌ፣ ከጎናቸው የጥያቄ ምልክት አድርጌ መልሻለሁ።